የመሥመር ድልድልና የወረፋ ሥርዓት፤ ከአስኮ የተገኘ ትምህርት




በዚህ ጉባኤ ላይ ንግግር እንዳደርግ በተጠየቅሁ ጊዜ የመረጥሁት ርእስ በመጀመሪያ ሲታይ ጠባብና ደረቅ ይመስላል። ይኸውም በኔትዎርክ ስዊች ፖርቶች ላይ የመሥመር ስፋት እንዴት እንደሚደለደልና የአገልግሎት ጥራት እንዴት እንደሚጠበቅ ነው። አብዛኞቻችን ይህን ተግባር አንድ ቴክኒሽያን ከመሣሪያው ፊት ተቀምጦ በግማሽ ሰዓት የሚጨርሰው ሥራ አድርገን እንቈጥረዋለን። እኔም ለብዙ ጊዜ እንዲሁ አስብ ነበር። አሳቤን ያስለወጠኝ በከተማችን ምዕራባዊ ክፍል፣ አስኮ ውስጥ፣ በገዛ እጄ የፈጸምሁት ስሕተት ነው። ስለዚህ ዛሬ የማቀርበው ከመጽሐፍ የተገኘ ትምህርት ብቻ ሳይሆን የዚያ ስሕተት ኑዛዜ ጭምር መሆኑን አስቀድሜ ላስታውቅ እወዳለሁ።

በቅድሚያ ስለ ቃላቱ ጥቂት ልበል። «የመሥመር ስፋት» ስል በአንድ ሴኮንድ ውስጥ በመሥመሩ ሊያልፍ የሚችለውን የቢት ብዛት ማለቴ ነው፤ በተለምዶ ባንድዊድዝ የምንለው መሆኑ ነው። «ወረፋ» ስል ደግሞ ፓኬቶች በፖርቱ በኩል ለመውጣት ተራቸውን የሚጠብቁበትን ማከማቻ ማለቴ ነው።

ነገሩን ለማስረዳት ከአስኮ የታክሲ ሰልፍ ልነሣ። በማለዳ ወደ ፒያሳና ወደ መርካቶ የሚሄደው ሕዝብ ተሰልፎ ሲጠብቅ፣ አጠገቡ ተራ አስከባሪ ይቆማል። ተራ አስከባሪው አንዲት ታክሲ እንኳ አይጨምርም፤ መንገዱንም በአንድ ስንዝር አያሰፋም። ሥልጣኑ አንድ ብቻ ነው፤ ማን አስቀድሞ እንደሚሳፈርና ማን እንደሚቆይ መወሰን። በስዊች ፖርት ላይ የምናቆመው የአገልግሎት ጥራት ሥርዓትም ከዚህ የተለየ አይደለም። መሥመሩ በሴኮንድ 10 ሜጋ ቢት የሚያሳልፍ ከሆነ፣ ምንም ዓይነት ትእዛዝ ብንጽፍበት 11 አያሳልፍም። ለአንዱ የሰጠነውን ከሌላው ወስደነዋል። እንግዲህ የንግግሬ ፍሬ አሳብ ይህ ነው፤ ለአንዱ ቅድሚያ መስጠት ማለት በሌላው ላይ የመጠበቅን ፍርድ መፍረድ ነው። ፍርድ ደግሞ በአንድ ቴክኒሽያን ብቻ፣ የሚጠብቀው ሰው ሳይሰማና ሳይጻፍ ሊሰጥ አይገባም።

የወረፋ ጥያቄ ለሙያችን እንግዳ አይደለም። ዴንማርካዊው የሒሳብ ሊቅ አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ሲሠራ፣ ስንት ደዋዮች በስንት መሥመሮች ሊስተናገዱ እንደሚችሉ በሒሳብ መርምሮ የመጀመሪያ ጽሑፉን እ.ኤ.አ. በ1909 አሳተመ። የስልክ ትራፊክ ዛሬም የሚለካው በስሙ በተሰየመው መለኪያ ነው። በዚያ በቀድሞው የስልክ ሥርዓት መሥመር የጠፋበት ደዋይ የ«ተይዟል» ድምፅ ሰምቶ ይመለሳል፤ መሥመር ያገኘው ግን ንግግሩን እስኪጨርስ ድረስ ድርሻውን ማንም አይነካበትም።

በፓኬት በሚሠራው ኔትዎርክ ይህ ሁሉ ተለወጠ። የመጣው ሁሉ ይገባል፤ ከበር የሚመለስ የለም፤ ሲበዙ ግን ሁሉም አብረው ይዘገያሉ። እ.ኤ.አ. በ1986 በካሊፎርኒያ የሎውረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪንና የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲን የሚያገናኘው መሥመር በሴኮንድ ከ32 ሺሕ ቢት ወደ 40 ቢት መውደቁን ቫን ጃኮብሰን መዝግቦታል። ሁለቱ ተቋማት የሚራራቁት 400 ያርድ ያህል ብቻ ነበር። ጃኮብሰን እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣው ጽሑፍ ያቀረበው መፍትሔ፣ መሥመሩ ሲጨናነቅ ላኪው ኮምፒዩተር ራሱ ፍጥነቱን እንዲቀንስ የሚያደርግ ነው። ይህ ፋይል ለሚልክ ሰው እጅግ ጠቃሚ ዘዴ ሆነ፤ በስልክ ለሚነጋገር ሰው ግን አልበቃም፤ ምክንያቱም ንግግር ፍጥነቱን ሊቀንስ አይችልም።

በአገራችን የኢንተርኔት አገልግሎት በ1989 ዓ.ም. ሲጀመር ዋናው ጭንቀት መሥመር የማግኘት ጉዳይ ነበር። ማን ይቅደም የሚለው ጥያቄ ጎልቶ የወጣው ስልኩ፣ የጥበቃው ካሜራና የሒሳቡ መዝገብ በአንድ ገመድ ላይ መተላለፍ በጀመሩ ጊዜ ነው። እነዚህ ሦስቱ ጠባያቸው አንድ አይደለም። በተለመደው ባልተጨመቀ አሠራር የሚተላለፍ ድምፅ በየ20 ሚሊ ሴኮንዱ አንድ ትንሽ ፓኬት ይልካል፤ የኤተርኔቱ ራስጌ ሲጨመርበት አንድ ጥሪ በአንድ አቅጣጫ በሴኮንድ 87 ኪሎ ቢት ያህል ይፈጃል። የሚፈልገው ስፋት ጥቂት ነው፤ መዘግየትን ግን አይታገሥም። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት መመሪያ እንደሚያመለክተው በአንድ አቅጣጫ ያለው መዘግየት ከ150 ሚሊ ሴኮንድ ባይበልጥ ይመረጣል። ፋይል ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ያገኘውን ስፋት ሁሉ ይውጣል፤ ለአንድ ሴኮንድ ቢዘገይ ግን ማንም አይጎዳም። ስለዚህ ድምፅን ማስቀደም ፋይሉን ብዙ አይጎዳውም፤ ፋይልን ማስቀደም ግን ድምፁን ይገድለዋል። የቅድሚያ ሥርዓት ሳይንሳዊ መሠረቱ ይህ ልዩነት ነው።

ለዚህ ሥራ ስዊቹ የሚሰጠን መሣሪያዎች ጥቂት ናቸው። አንደኛው ምልክት ማድረግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በወጡት ደንቦች መሠረት በኤተርኔት ፍሬም ላይ 3 ቢቶች ከ0 እስከ 7 ያለውን ማዕርግ ይይዛሉ፤ በኢንተርኔት ፓኬት ራስጌ ላይ ደግሞ 6 ቢቶች 64 ዓይነት ምልክት ለመጻፍ ያስችላሉ። ለድምፅ የተለመደው ምልክት 46 ነው። ሁለተኛው እምነት ነው፤ ይኸውም ፖርቱ ከውጭ የመጣውን ምልክት ይቀበል ወይስ ሰርዞ የራሱን ይጻፍ የሚለው ውሳኔ ነው። ማንኛውም ኮምፒዩተር በራሱ ፓኬት ላይ 46 ብሎ መጻፍ ስለሚችል፣ ከማይታወቅ ፖርት የመጣውን ምልክት ሁሉ ማመን በር ጠባቂው ሳይመረምር ማሳለፍ ማለት ነው። ሦስተኛው የወረፋው አገልግሎት ነው፤ አንዱ ወረፋ ጥብቅ ቅድሚያ ሲሰጠው፣ ሌሎቹ በተወሰነላቸው ሚዛን ይካፈላሉ። አራተኛው ገደብ ነው፤ ይህም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ዓይነት ከልኩ ያለፈውን ወዲያው ይጥለዋል፤ ሁለተኛው ግን በወረፋ አቆይቶ በልኩ ይለቀዋል።

አሁን ወደ አስኮው ታሪክ ልመለስ። የድርጅቱን ስም መጥቀስ አያስፈልግም። ቆዳ ቈርጦና ሰፍቶ የሚያመርት ሲሆን፣ ጽሕፈት ቤቱና ክሊኒኩ ከአምቦ መንገድ በአንዱ ወገን፣ ማምረቻው በሌላው ወገን ነበሩ። መንገዱን ቈርጦ ገመድ መቅበር ስላልተቻለ፣ ሁለቱን ግቢዎች ያገናኘናቸው በሁለት ጣራዎች ላይ በተተከለ የራዲዮ ማገናኛ ነበር። ራዲዮው በእያንዳንዱ አቅጣጫ የሚያሳልፈው ሲለካ 10 ሜጋ ቢት ያህል ሆነ። በማምረቻው ውስጥ ያሉት 8 ካሜራዎች እያንዳንዳቸው በሴኮንድ 1 ሜጋ ቢት እየላኩ በጽሕፈት ቤቱ ይቀዳሉ። የግምጃ ቤቱ መዝገብም ቀን ቀን ወደ ጽሕፈት ቤቱ ይገለበጣል። በዚያው መሥመር ላይ ስልኮች ተጨመሩ።

ስልኩ ገና ከመጀመሪያው ድምፅ መቈራረጥ አመጣ። እኔም በሁለቱም ስዊቾች ላይ ለድምፅ ጥብቅ ቅድሚያ ጻፍሁ። ምንም ለውጥ አልታየም። ምክንያቱን ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ስዊቹን ከራዲዮው ጋር የሚያገናኘው ፖርት ፍጥነቱ 100 ሜጋ ቢት ነበር። ከፖርቱ የሚወጣው 11 ወይም 12 ሜጋ ቢት ቢሆን ለስዊቹ ከቁጥር የሚገባ ጭነት አይደለም፤ ስለዚህ በእርሱ ዘንድ ወረፋ የሚባል ነገር ጨርሶ አልነበረም። ወረፋው የነበረው ከእርሱ ቀጥሎ፣ ማዕርግ በማያውቀው በራዲዮው ማከማቻ ውስጥ ነው። ስሌቱን ተመልከቱት፤ አንድ ትልቅ ፓኬት 1,500 ባይት፣ ማለትም 12,000 ቢት ነው። በራዲዮው ውስጥ 500 እንደዚህ ያሉ ፓኬቶች ቢጠራቀሙ 6 ሚሊዮን ቢት ይሆናሉ፤ በ10 ሜጋ ቢት መሥመር ለመውጣት 600 ሚሊ ሴኮንድ ይፈጅባቸዋል። ከኋላቸው የመጣው የድምፅ ፓኬት ያንን ሁሉ ይጠብቃል። እኔ ተራ አስከባሪ ያቆምሁት ሰልፍ በሌለበት ቦታ ነበር ማለት ነው።

መፍትሔው ወረፋውን ከራዲዮው አውጥቶ ወደ ስዊቹ ማምጣት ነው። ይህም የሚሆነው የፖርቱን መውጫ ከራዲዮው አቅም ጥቂት በታች፣ በ9 ሜጋ ቢት ላይ በመገደብ ነው። አንድ ሜጋ ቢት የጠፋ ይመስላል፤ በእርግጥ ግን ያ ለሥርዓቱ የተከፈለ ዋጋ ነው። ያን ጊዜ ጭነቱ የሚጠራቀመው ማዕርግ በሚታወቅበት ቦታ ይሆናል፤ የድምፁ ፓኬትም ፋይሉን ቀድሞ ያልፋል።

ይህን ካወቅሁ በኋላ የፈጸምኋቸው ስሕተቶች ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ ገደቡን የጻፍሁት በጽሕፈት ቤቱ ስዊች ላይ ብቻ ነው፤ የማምረቻውን ለሌላ ቀን አቆየሁት። ሁለተኛ፣ ሥራውን የፈተንሁት እሑድ፣ ማምረቻው ዝግ ሆኖ ግልበጣው በማይካሄድበት ቀን ነው። ከጽሕፈት ቤቱ ሆኜ ለዘበኛው ደውዬ «ይሰማዎታል ጋሼ?» ብለው፣ «በደንብ ይሰማኛል» አለኝ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ዘጋሁ። ሦስተኛ፣ ቅድሚያ የጠየቀኝን ሁሉ እሺ አልሁ። የሥራ አስኪያጁ ቢሮ ትራፊክ በሙሉ፣ ካሜራዎቹም ጭምር፣ ከስልኩ ጋር በአንድ ጥብቅ ወረፋ ገቡ። ሁሉም ፊተኛ በሆነበት ሰልፍ ደግሞ ፊተኛ የሚባል የለም።

ብዙም ሳይቆይ፣ በሥራ ቀን ከቀትር በኋላ 9 ሰዓት ገደማ፣ አንድ ሠራተኛ በቆዳ መቁረጫው መኪና ጣቱን ተቈረጠ። በሥራ ቦታ የግል ስልክ መያዝ የተከለከለ ስለ ነበረ የፈረቃው አለቃ በግድግዳው ስልክ ወደ ክሊኒኩ ደወለ። ሲስተር ያነሣችው ወዲያው ነበር። እርሱ ድምፅዋን ጥርት አድርጎ ይሰማል፤ ለእርስዋ ግን ከሚናገረው የሚደርሳት ቍርጥራጭ ብቻ ነው። «ማን ነው? የት ነው?» እያለች ደጋግማ ትጠይቃለች፤ እርሱም እየጮኸ ይመልሳል፤ ጩኸቱም እየተቈራረጠ ይጠፋል። በመጨረሻ አንድ ወጣት ሠራተኛ የጭነት መኪናዎች የሚበርሩበትን የአምቦን መንገድ በሩጫ ተሻግሮ ሄዶ ጠራት። የተጎዳው ሠራተኛ ታክሞ ወደ ሥራው ተመልሷል። ሆኖም ያ ወጣት መንገዱን ሲሻገር ሊደርስበት ይችል የነበረውን ሳስብ እስከ ዛሬ ድረስ እደነግጣለሁ።

በማግስቱ ስሄድ ያ የፈረቃ አለቃ አልተቈጣኝም። «ኢንጂነር፣ የእናንተን ድምፅ እኛ ሁልጊዜ በደንብ እንሰማለን፤ የማይሰማው የኛ ነው» አለኝ። በሙያ ቋንቋ ሲተረጐም፣ ገደቡ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ተጽፏል ማለቱ ነበር። ነገር ግን ከዚያም በላይ የሆነ እውነት ተናግሯል። እኔ ያገለገልሁት የምቀመጥበትን ወገንና ሊጠይቁኝ የሚችሉትን ሰዎች ነው፤ ከመንገዱ ማዶ ያሉት ቅድሚያ ይሰጠን ብለው አልጠየቁኝም፤ እኔም መጥቼ አልጠየቅኋቸውም።

ከዚህ በኋላ ሥራው እንደ አዲስ ተጀመረ። ስዊቹን ከመንካቴ በፊት የሚመለከታቸው ሁሉ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ እንዲቀመጡ ለመንሁ፤ የሥራ አስኪያጁ ተወካይ፣ የጥበቃ ኀላፊው፣ የግምጃ ቤቱ ጸሐፊ፣ የፈረቃው አለቃና ሲስተር። ያቀረብሁላቸው ጥያቄ «ማን ይቅደም?» የሚል አልነበረም፤ ለዚህ ጥያቄ ሁሉም «እኔ» ይላልና። ጥያቄዬ «መሥመሩ ሲሞላ አንተ ለምን ያህል ጊዜ ብትጠብቅ ምን ይጎድልብሃል?» የሚል ነበር። የግምጃ ቤቱ ጸሐፊ ግልበጣው እስከ ነገ ቢቆይ እንኳ ምንም እንደማይጎድልበት ተናገረ፤ ስለዚህ ወደ ሌሊቱ 7 ሰዓት ተዛወረ። የጥበቃ ኀላፊው ብዙ ከተከራከረ በኋላ ካሜራዎቹ ቀን ቀን በግማሽ እንዲልኩ ተስማማ። የሥራ አስኪያጁ ተወካይም ደብዳቤና ሰነድ ጥቂት ሴኮንድ ቢዘገይ ጉዳት እንደሌለው አመነ። የክሊኒኩ ጥሪ ግን ለአንድ ሴኮንድም እንዳይጠብቅ ሁሉም በአንድ ድምፅ ወሰኑ።

በዚህ ስምምነት መሠረት በሁለቱም ስዊቾች ላይ የተጻፈው ድልድል እንደሚከተለው ነው። ከ9 ሜጋ ቢት ውስጥ ለድምፅ ጥብቅ ቅድሚያ ተሰጠው፤ ነገር ግን 1 ሜጋ ቢት እንዳያልፍ ተገደበ፤ ይህም ለ10 ጥሪዎች ይበቃል። ገደቡ ያስፈለገው ጥብቅ ቅድሚያ ያለው ወረፋ ልክ ካልተበጀለት ሌሎቹን ሊያስርብ ስለሚችል ነው። ለሒሳብና ለግምጃ ቤት መዝገብ፣ እንዲሁም ለጽሕፈት ቤት ሥራ 3 ሜጋ ቢት ተረጋገጠላቸው። ለካሜራዎቹ 4 ሜጋ ቢት ተመደበ። ለቀረው ሁሉ 1 ሜጋ ቢት ሆነ። ከድምፁ በስተቀር እያንዳንዱ ክፍል ሌላው ያልተጠቀመበትን ትርፍ እንዲወስድ ተፈቀደለት፤ ይህ ፈቃድ ከሌለ ባዶ መሥመር አጠገብ ቆሞ መጠበቅ ይመጣልና። ምልክት የሚታመንላቸው የስልክ ፖርቶች ብቻ እንዲሆኑም ተደረገ። በመጨረሻም ፈተናው በሥራ ቀን፣ ካሜራዎቹ እየላኩ፣ ሆን ተብሎ አንድ ትልቅ ፋይል እየተገለበጠ፣ ከሁለቱም ወገን ተካሄደ። የፈረቃው አለቃ ደወለ፤ ሲስተርም እያንዳንዱን ቃል ደግማ ነገረችው። ድልድሉ በአንድ ገጽ ወረቀት ተጽፎ፣ ሁሉም ፈርመውበት፣ ከስዊቹ አጠገብ ተሰቀለ።

ክቡራትና ክቡራን፤

ይህ ሁሉ ሲባል የዘዴውን ወሰን መዘንጋት አይገባም። የአገልግሎት ጥራት ሥርዓት የወረፋን መዘግየት እንጂ የርቀትን መዘግየት አያስቀርም። ለዚህ የወረዳኔት ታሪክ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ1990ዎቹ ዓመታት ወረዳዎችን ከክልልና ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር በምስል ጉባኤ ለማገናኘት ሲታቀድ፣ ምድራዊ መሥመር ያልደረሰባቸው ብዙ ወረዳዎች የተገናኙት በሳተላይት ነው። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ በ36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ፣ ምልክቱ ወጥቶ ለመውረድ ብቻ 240 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። ይህ ለድምፅ ከሚመረጠው 150 ሚሊ ሴኮንድ ገና ሲነሣ አልፎ ይገኛል። በፖርቱ ላይ የሚጻፍ ማንኛውም ትእዛዝ ይህን ሊያሳጥር አይችልም፤ ሊያደርግ የሚችለው በዚያ ላይ ሌላ መዘግየት እንዳይጨመር መከላከል ነው።

እንዲሁም መሥመሩ ቀኑን ሙሉ የሚሞላ ከሆነ፣ ተገቢው መልስ መሥመሩን ማስፋት እንጂ ወረፋውን ማራቀቅ አይደለም። ቅድሚያ ለአንድ አፍታ መጨናነቅ የተበጀ መድኀኒት ነው፤ ለዘለቄታው እጥረት መሸፈኛ ሲሆን ግን ሁልጊዜ የሚጠብቁት ያው ሰዎች ይሆናሉ። መሐንዲሱ ይህን ለአሠሪው በቁጥር አስደግፎ የመንገር ግዴታ አለበት።

ከዚህ ተነሥቼ ለማኅበራችን አባላት አራት ነገሮችን አሳስባለሁ። ቅድሚያ ከመጻፋችን በፊት ወረፋው በእርግጥ የት እንዳለ እንፈልግ። አንዱን አቅጣጫ ብቻ ሠርተን ሥራው አለቀ አንበል። ፈተናውን ጭነት በሌለበት ቀን ሳይሆን ጭነቱ በበረታበት ሰዓት፣ ደግሞም ከደካማው ወገን ሆነን እናካሂድ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ድልድሉን የሚጠብቁት ሰዎች ባሉበት ወስነን፣ ሰው ሁሉ በሚያነበው ቋንቋ ጽፈን እንተወው። የስዊቹን ትእዛዝ የሚያነብ አንድ ሁለት ሰው ነው፤ በግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ወረቀት ግን የፈረቃው አለቃም ያነበዋል፤ ሲጣስም ይጠይቃል።

ከመሣሪያው ፊት የምንቀመጥ ሰዎች ሥልጣናችን ትንሽ ይመስለናል። አስኮ ላይ የተማርሁት ግን ማንም የማያየው ይህ ትንሽ ሥልጣን፣ የማን ድምፅ እንደሚሰማና የማን እንደሚቈራረጥ የሚወስን መሆኑን ነው። ተራ አስከባሪው በሕዝብ ፊት ስለሚቆም ቢያዳላ ወዲያው ይጮኹበታል። በእኛ ላይ የሚጮህ የለም፤ የሚጮኸው ሰው ድምፅ ራሱ በእኛ ወረፋ ውስጥ ተይዟልና። ስለዚህ ሳይጮኹብን በፊት ራሳችን ሄደን እንጠይቃቸው።